ለዕዳ አሰባሰብ ሥርዓት እናብጅለት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት አባላትና የሥራ አመራር ኮሚቴዎች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
ክቡራን እንግዶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ገበያ ትስስር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሌሎች ከእኔ በተሻለ እንደሚናገሩ ዐውቅ ነበር። ስለዚህ በበዓል ቀን ብዙም የማይነሣ ጉዳይ መረጥኩ። ጉዳዩም ዕዳና የዕዳ አሰባሰብ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልተበደረ ወይም ያላበደረ፣ ዕዳ ያልተጠየቀ ወይም ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ለረጅም ጊዜ ብድር አስመላሽ ነበርኩ። የምናገረውም ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ባጭሩ ላስቀምጥ። ዕዳ መከፈል አለበት። ዕዳ የማይከፈልበት ማኅበር ዕድሜ የለውም። ይሁን እንጂ ዕዳ የሚጠየቅበት መንገድ የታወቀ ሥርዓት ከሌለው የሚጎዳው ባለዕዳው ብቻ አይደለም። አስመላሹም ይጎዳል፣ ማኅበሩም ይጎዳል፣ ዕዳውን በጊዜው የከፈለው ጎረቤት ሳይቀር ይጎዳል።

ስለ ቁራኛ

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። በድሮው ሥርዓት ባለዕዳ ዕዳውን ሳይከፍል ወይም ዋስ ሳይጠራ ሲቀር ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ሁለቱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዕዳውን የሚከፍል ዘመድ ፍለጋም አብረው ይዞራሉ። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» በሚለው አነጋገራችን ውስጥ አለ።

ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ነገር ግን አንድ እውነት ይነግረናል። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለዕዳው ታስሮ ሳለ ባለገንዘቡም ማረስ፣ መነገድ፣ ከልጆቹ ጋር ማደር አይችልም ነበር። ሰንሰለቱ ዛሬ በዓይን አይታይም እንጂ ሁለት ጫፍነቱ አልተለወጠም።

የ1994 ዓ.ም. ትዝታ

ወጣቶች ላታስታውሱት ስለምትችሉ የዚያን ጊዜ ሁኔታ ላስረዳ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የግብዓት ብድር ሲስፋፋ ገበሬው ለባንክ የሚያስይዘው ነገር አልነበረውም። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የክልል መንግሥታት በበጀታቸው ዋስ ሆኑ። ብድሩ ካልተመለሰ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል ማለት ነው። ክልል ዞንን፣ ዞን ወረዳን፣ ወረዳ ቀበሌን ተጫነ። ገንዘቡን የማስመለስ ሥራም በቀበሌ አመራሩና በግብርና ሠራተኛው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ማዳበሪያ እንዴት እንደሚበተን በሰኔ ያስተማረው ሰው በጥር ዕዳ ጠያቂ ሆኖ መጣ።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ምርቱ በረከተና የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። በአንዳንድ ትርፍ አምራች አካባቢዎች እህሉ የማጓጓዣውን ዋጋ እንኳ ማውጣት አቃተው። ገበሬው የተመከረውን አድርጎ፣ ዳፕና ዩሪያውን በልኩ ተጠቅሞ፣ ጥሩ አምርቶ ከሰረ። በ1994 ክረምት ዝናቡ በብዙ ቦታ ሲያጥር ደግሞ በበረከቱ ዓመት የከሰረው ሰው በድርቁ ዓመት ባዶ እጁን ቀረ።

እኔ በዚያ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ብድር አስመልስ ነበር። አንድ ማለዳ ከቀበሌው ሊቀመንበርና ከሁለት ሚሊሻዎች ጋር ወደ አንድ አባት ቤት ሄድን። ዕዳቸው ከ400 ብር ብዙም አይዘልም። በቤታቸው የተገኘው ንብረት አንድ በሬ ነበር። በእጃችን የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለም። የነበረን ከላይ የወረደ የስም ዝርዝርና የቀን ገደብ ብቻ ነው። በሬውን ስንፈታ ሽማግሌው አልተሳደቡም፣ አልለመኑንምም። «ልጄ፣ እርፉንም አብረህ ውሰደው፤ ያለ በሬ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

በሬው በገበያ ተሸጠ። ዋጋው ለዕዳው በቃ፤ ሌላ በሬ ለመግዛት ግን አልበቃም። እኔም መዝገቤ ላይ «ተከፍሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ያልጻፍኩት ነገር አለ። እኒያ አባት ባለ አንድ በሬ ስለነበሩ ከጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት። ጎረቤታቸው ዕዳውን አጠናቆ ከፍሎ ካርኒውን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነው። የሽማግሌው በሬ ሲሄድ የእርሱም በሬ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ወሰድን፣ ሁለት ቤት ከእርሻ አስቆምን። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ማዳበሪያ አልወሰዱም። «ተከፍሏል» ያልኩት ዕዳ ሁለት ደንበኛ አሳጥቶናል።

የአስመላሹም ብሶት

ይህን ስናገር አስመላሹን ለማውገዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አስመላሽም የራሱ ብሶት አለው፤ ሰሚ ያገኘ ግን ጥቂት ነው።

አስመላሹ ብዙ ጊዜ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። ዕዳ የሚጠይቀው ክርስትና ያነሣውን አባቱን፣ የዕድር ዳኛውን፣ ልጁን ያስተማረለትን መምህር ነው። ከላይ «ለምን አላስመለስክም?» ተብሎ ደመወዙ ይያዛል፤ ከታች «የድሃ በሬ ነጂ» ተብሎ ይሰደባል። እኔ በዚያ ዓመት በለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አጥቼ ነበር።

ከዚህም ሌላ የሰው ገንዘብ በኪሱ ይዞ ብቻውን ገደል ለገደል ይሄዳል። አንድ ጊዜ ካርኒ አልቆብኝ በተራ ወረቀት ፈርሜ ገንዘብ ተቀበልኩ። ወረቀቱ ጠፋ፤ ከፋዩ «ከፍያለሁ» አለ፤ መሥሪያ ቤቱ «የት አለ?» አለ። ጉድለቱ እስኪጣራ ወራት ተሰቃየሁ። ከፋዩም አልዋሸ፣ እኔም አልሰረቅሁም፤ ሁለታችንንም ያጣላን የካርኒ እጦት ነው።

ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ሁሉም ባለዕዳ ያጣ አይደለም። ከብቱን አማቹ ቤት ደብቆ «የለኝም» የሚል አለ። «ዘንድሮ ዕዳ ይሰረዛል» የሚል ወሬ ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ አለ። የእርሱን ዕዳ የሚሸከመው በወቅቱ የከፈለው አባል ነው። ማኅበሩ ለዩኒየኑ፣ ዩኒየኑ ለባንኩ ዕዳ አለበት፤ የባንኩ ወለድ ደግሞ የማንንም ችግር አይቶ አይቆምም። እያለው የማይከፍል ሰው የሚያታልለው አስመላሹን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ስለ ዕዳ ሕግ የለንም ብሎ ያስባል። በእርግጥ የዕዳ አስመላሽን ሥነ ምግባር ብቻ ለይቶ የሚደነግግ እንደ አሜሪካው ያለ ዝርዝር አዋጅ በአገራችን አልተለመደም። እነርሱ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የሌሎችን ዕዳ የሚሰበስብ ድርጅት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባለዕዳውን በስልክ እንዳያስቸግር፣ እንዳያስፈራራ፣ እንዳይዋሽ ከልክለዋል። የሕጉ ዓላማ ሲገለጽ ባለዕዳን መጠበቅ ብቻ አልተባለም፤ በጨዋነት የሚሠራው አስመላሽ በማስፈራራት በሚሠራው እንዳይበለጥም ነው ተብሏል። ይህ ሁለተኛው ዓላማ ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። ሥርዓት በሌለበት ቦታ «ጎበዝ» የሚባለው ጨካኙ አስመላሽ ነው፤ ጨዋው ደግሞ ሰነፍ ተብሎ ይገመገማል።

ሆኖም በእኛም ሕግ ውስጥ መሠረቱ አለ። አራቱን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ባለገንዘብ «ውሉ አልተፈጸመልኝም» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ድንገት ደጃፍ ላይ መድረስ የሕጉ መንገድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በክርክር ጊዜ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ነው። በቃል ብቻ ማበደርም ሆነ መበደር ጠብን መዝራት ነው።

ሦስተኛ፣ የማይነካ ንብረት ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 404 በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ እንኳ የማይያዙና የማይሸጡ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የባለዕዳው፣ የሚስቱና የልጆቹ አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ፣ የሚሠራበት መሣሪያ፣ ለሦስት ወር የሚሆን ቀለብ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ ደግሞ ለኑሮው ያስፈልጉታል ብሎ ፍርድ ቤቱ ያመነባቸው ከብቶችና ዘር አይነኩም። ልብ በሉ፤ ይህ የሚሠራው ዳኛ ከፈረደም በኋላ ነው። ዳኛ ፈርዶ እንኳ የማይወስደውን በሬ እኛ በስም ዝርዝር ብቻ ነድተነው ነበር።

አራተኛ፣ እስራት ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንደማይታሰር ይናገራል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ደንግጓል። ማጭበርበር ሌላ ነገር ነው፤ ማጣት ግን ወንጀል አይደለም።

ከእነዚህ ጋር አንድ አዲስ ነገር እንዳትዘነጉ አደራ እላለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን በር ከፍቷል። ከብትም ሰብልም በዋስትና ሊያዝ ይችላል። ለገበሬው ይህ መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን በውል ያስያዙት በሬ ካላስያዙት በሬ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ሳታነቡ፣ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ብድር በስልክ መልእክት በሚገኝበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ አንድ ቁልፍ መጫንም ፊርማ መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

የእኛ ደንብ ምን ይሁን?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1991ዱ አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ እርሱን በተካው የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 985 በመተዳደሪያ ደንብ ራሳቸውን የማስተዳደር መብት አላቸው። በመካከላቸው የሚነሣውን አለመግባባት በዕርቅና በሽምግልና ዳኝነት የመፍታት መንገድም ተሰጥቷቸዋል። እንግዲያው ሌላ አዋጅ እስኪወጣ ሳንጠብቅ የብድር አሰባሰብ ደንብ አርቅቀን በጠቅላላ ጉባኤ እናጽድቅ። ደንቡ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢይዝ እላለሁ።

1. የብድር ውል ከመፈረሙ በፊት በአባሉ ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አንድ ቅጂ ለአባሉ ይሰጥ። ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና የመክፈያው ቀን ለየብቻ ይጻፉ።

2. የመክፈያው ቀን የእርሻውን ወቅት ያገናዝብ። እህል ገና ከአውድማ ሳይነሣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለዕዳ ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል። መጋዘን ያላቸው ማኅበራት እህሉን ተረክበው ዋጋ ሲሻሻል ሸጠው ዕዳውን ቀንሰው ቀሪውን ለአባሉ ቢሰጡ ሁሉም ይጠቀማል።

3. ዕዳ ከመጠየቁ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ይድረስ። «የዕዳዬ ልክ ይህ አይደለም» የሚል አባል መዝገቡን የማየትና መልስ የማግኘት መብት ይኑረው።

4. አስመላሽ መታወቂያና የማኅበሩን ደብዳቤ ይዞ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት ሆኖ ይሂድ። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ዕዳ አይጠየቅ። የባለዕዳ ስም በአደባባይ አይለጠፍ።

5. ያለ ካርኒ አንድ ብር አይከፈል፣ አንድ ብር አይቀበል። የተሰበሰበው ገንዘብ በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ ገቢ ይሁን። ይህ ከፋዩን ከድጋሚ ክፍያ፣ አስመላሹን ከሐሜት ያድናል።

6. ያልቻለና እምቢ ያለ ይለይ። ሴት አባል ያለችበት ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ ማሳውንና ቤቱን አይቶ ይወስን። በረዶ፣ ድርቅ፣ በሽታ ወይም ሞት የጎዳው አባል ዕዳው ተከፋፍሎ ጊዜ ይራዘምለት። እያለው እምቢ ያለውን ደግሞ ማኅበሩ ሳይፈራና ሳያፍር በሽምግልና ዳኝነት፣ ካልሆነም በፍርድ ቤት ይጠይቀው።

7. የአስመላሹ ክፍያ ባመጣው ገንዘብ ልክ በመቶኛ አይታሰብ። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው በሬ ሲያይ የሚታየው የራሱ ድርሻ ነው። ደመወዙና የመጓጓዣው ወጪ በወቅቱ ይከፈለው፤ ሲሰደብና ሲዛትበትም ማኅበሩ ይቁምለት።

8. የሚያስተምር አይሰብስብ፣ የሚሰበስብ አይፍረድ። የግብርና ባለሙያው ማሳ ላይ ይዋል። ገበሬው ባለሙያውን ባየ ቁጥር ዕዳው ትዝ ካለው ምክሩን አይሰማም።

ለአስተዳደር አመራሮቻችን

በመካከላችን ለምትገኙ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ሁለት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ የቀበሌን አገልግሎት ከዕዳ ጋር አታያይዙ። የመታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የልጅ ትምህርት ጉዳይ ይዞ የመጣን ሰው «መጀመሪያ የማዳበሪያ ዕዳህን» ማለት ማኅበሩን መርዳት ይመስላል፤ ነገር ግን ማኅበሩ የመንግሥት እጅ ነው የሚል ስሜት አሳድሮ አባሉን ያሸሻል። ሁለተኛው፣ «ዕዳ ይሰረዛል» የሚል ተስፋ አትስጡ። አንድ ሰው በአንድ ስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል የሦስት ዓመት አሰባሰብ ያበላሻል። ዕፎይታ መስጠት ካስፈለገ በጽሑፍ፣ በመስፈርት፣ የባንኩን ዕዳ ማን እንደሚከፍለው ታውቆ ይሁን።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ምን ያህል እንዳሻቀበ ሁላችንም በኪሳችን ዐይተነዋል። የዛሬው አባል ለአንድ ጥማድ መሬት የሚሸከመው ዕዳ የዚያ ዘመን ሽማግሌ ከተሸከሙት እጅግ ይበልጣል። በ1994 የተሠራው ስሕተት በዛሬው ዋጋ ቢደገም የሚቆመው ሁለት ቤት ብቻ አይሆንም።

የተከበራችሁ አባላት፣

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተሰነዘረ ዱላ ይመለስ ነበር። በዚያ ማለዳ በእኒያ አባት ደጃፍ ላይ «በሕግ አምላክ» የሚለን ሰው አልነበረም። ባለዕዳው ደንግጠዋል፣ ሊቀመንበሩ የበላዩን ፈርቷል፣ እኔም ደመወዜን ፈርቻለሁ። ሁላችንም በአንድ ሰንሰለት የተቆራኘን ነበርን።

የምጠይቃችሁ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ደንብ በአጀንዳ እንድታስይዙ ነው። ዕዳውን የሚጠይቀው ልጃችን ቀና ብሎ እንዲሄድ፣ ዕዳውን የሚከፍለው አባታችን ሳይዋረድ እንዲከፍል፣ በሬውም በቀንበሩ ሥር እንዲቆይ ያድርገን።